ሙቀት እያወጣ የማይሟሟ ጨው፣ ሙቀት እየሳበ የሚሟሟ ጨው፦ ሂሳቡ የት ላይ ነው?

ፍሬሽ_ኬሚ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ላብ ገብተን የተለያዩ ጨዎችን ውሃ ውስጥ እያሟሟን በቴርሞሜትር ለካን። አሞኒየም ናይትሬት ብርጭቆውን እጅ እስኪቆረጥም አቀዘቀዘው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተቃራኒው አጋለው። የወጥ ጨው ደግሞ ቴርሞሜትሩን ብዙም አላነቃነቀውም።

እኔ የገባኝ፣ ነገር ሁሉ ኢነርጂው ወደሚቀንስበት አቅጣጫ እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ ሙቀት የሚያወጣ ጨው በቀላሉ መሟሟት አለበት። ሙቀት የሚስበው ደግሞ እምቢ ማለት አለበት። የመጽሐፉን ሰንጠረዥ ሳየው ግን ነገሩ ተገለባበጠብኝ። አሞኒየም ናይትሬት በአንድ ሞል 25.7 ኪሎጁል ይስባል። ሆኖም 100 ግራም ውሃ ከራሱ ክብደት የበለጠ አሞኒየም ናይትሬት ያሟሟል። ውሃ አልባው ካልስየም ሰልፌት 18 ኪሎጁል ያወጣል። ግን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገባው 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ጓደኞቼን ስጠይቅ «ኢንትሮፒ ነው»፣ ማለትም የመበታተን መጠን ነው፣ ብለው ያልፉኛል። እሺ ኢንትሮፒ ይሁን። ግን የካልስየም ሰልፌት የኢንትሮፒ ለውጥ ኔጌቲቭ ነው ይላል ሰንጠረዡ። በሥርዓት ተደርድሮ የተቀመጠ ክሪስታል ፈርሶ ውሃ ውስጥ ሲበተን ኢንትሮፒ እንዴት ይቀንሳል? እባካችሁ ከሥሩ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ጥቁር_ሰሌዳ (የመሰናዶ ኬሚስትሪ አስተማሪ)

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። ብዙ ተማሪ ያቺን የኔጌቲቭ ምልክት ሳያያት ያልፋል። መጀመሪያ የኢነርጂውን ሂሳብ እንጨርስና ወደ ኢንትሮፒው እንመጣለን።

አንድ ሞል የወጥ ጨው ወስደሽ አዮኖቹን (ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች) አንድ በአንድ ለያይተሽ ጋዝ ልታደርጊያቸው ብትፈልጊ 787 ኪሎጁል ያስከፍልሻል። ላቲስ ኢነርጂ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥታ በመሣሪያ አይለካም። እ.ኤ.አ. በ1919 ቦርንና ሀበር ባወጡት ዑደት፣ መለካት ከሚቻሉ ሌሎች ቁጥሮች ተነስቶ ይሰላል። ቀጥሎ እነዚያን አዮኖች ውሃ ውስጥ ስትከቻቸው ውሃው ይከባቸዋል፤ ኦክስጅኑን ወደ ሶዲየም፣ ሃይድሮጅኑን ወደ ክሎራይድ አዙሮ። ያን ጊዜ 783 ኪሎጁል ገደማ ይመለስልሻል። የሚቀረው 4 ኪሎጁል ገደማ ነው። ቴርሞሜትርሽ ያልተነቃነቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽዬ ልዩነት ነው የቀረው። ስለዚህ «ላቲሱ ጠንካራ ስለሆነ አይሟሟም» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ላቲሱን ጠንካራ የሚያደርገው የአዮኑ ማነስና የቻርጁ መብዛት ነው። እነዚያው ሁለት ነገሮች ውሃውም አዮኑን አጥብቆ እንዲይዘው ያደርጋሉ። ሁለቱም ጎን አብሮ ያድጋል። ከላቲሱ ብቻ ተነስቶ መገመት አይቻልም።

የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አሜሪካዊው ዊላርድ ጂብስ በ1870ዎቹ የሠራው ሂሳብ ነው፦

የጂብስ ኢነርጂ ለውጥ = የኤንታልፒ ለውጥ − (መጠነ ሙቀት በኬልቪን × የኢንትሮፒ ለውጥ)

ኤንታልፒ ማለት እዚህ ሲሟሟ የሚሳበው (+) ወይም የሚወጣው (−) ሙቀት ነው። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ በደንብ ይሟሟል። ጎላ ያለ ፖዘቲቭ ከሆነ ጥቂት ብቻ ሟሙቶ ይቆማል። ለወጥ ጨው ኤንታልፒው +3.9 ኪሎጁል፣ ኢንትሮፒው +43.4 ጁል በኬልቪን ነው። በ298 ኬልቪን (ጁሉን በ1,000 አካፍለን ወደ ኪሎጁል ቀይረን)፦ 3.9 − 12.9 = −9.0። ይሟሟል። ለአሞኒየም ናይትሬት ኢንትሮፒው +108.7 ስለሆነ፦ 25.7 − 32.4 = −6.7። እሱም ይሟሟል። ብርጭቆሽን ያቀዘቀዘውን ሙቀት ወስዶ፣ በኢንትሮፒው አካክሶ አለፈ ማለት ነው።

ስለ ካልስየም ሰልፌት ማታ እመለስበታለሁ። ክፍል አለብኝ።

ሎጂክ_ብቻ

ይቅርታ መምህር፣ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ኢንትሮፒ መበታተን ከሆነ፣ ጠጣር ነገር ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ሲበታተን ሁልጊዜ መጨመር አለበት። ሌላ መንገድ የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ የእህታችን መጽሐፍ የማተሚያ ስህተት ነው ያለበት። የፕላስና የማይነስ ምልክት መለዋወጥ የተለመደ ነው።

ላብ_ሰው

ሎጂክ ወንድሜ፣ ሰንጠረዡ ልክ ነው። ያልቆጠርከው ውሃውን ነው። ኢንትሮፒው የጨው ብቻ አይደለም፤ የጨውና የውሃ ድምር ነው።

ክሪስታሉ ሲፈርስ አዮኖቹ ይለቀቃሉ። ይህ ኢንትሮፒን ይጨምራል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነህ። ግን እያንዳንዱ አዮን ወዲያው ዙሪያው ያለውን ውሃ ይይዛል። ሜዳ ላይ ወዲህ ወዲያ ይል የነበረ ሰው ታክሲ ሲመጣ ሰልፍ እንደሚይዘው፣ ነፃ የነበረው ውሃም አቅጣጫ ይይዛል። ይህ ደግሞ ኢንትሮፒን ይቀንሳል። የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነው አዮኑ ነው።

አንድ አዮን ውሃውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለማየት ሲከበብ የሚወጣውን ሙቀት እዩ። በአንድ ሞል ፖታሲየም 320 ኪሎጁል ገደማ ያወጣል፣ ሶዲየም 400 ገደማ። ካልስየም ግን 1,600 ገደማ፣ ማግኒዚየም 1,900 ገደማ ነው። ማግኒዚየም ስድስት የውሃ ሞለኪውሎችን አጠገቡ ይዞ በቀላሉ አይለቃቸውም። ከነሱ ውጪ ያለውም ውሃ ጫናው ይደርሰዋል።

አሁን ኢንትሮፒውን በዚሁ ቅደም ተከተል አስቀምጡት። ፖታሲየም ክሎራይድ ሲሟሟ +76፣ የወጥ ጨው +43፣ ውሃ አልባው ካልስየም ሰልፌት −140፣ ውሃ አልባው ማግኒዚየም ሰልፌት −210 ጁል በኬልቪን። አዮኑ ውሃውን ባጠበቀ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ይህ የማተሚያ ስህተት አይደለም።

ፍሬሽ እህቴ፣ የራስሽን ጥያቄ አሁን ልትጨርሺው ትችያለሽ። ኤንታልፒው −18 ነው። ኢንትሮፒው −140 ስለሆነ፣ በ298 ሲባዛና ምልክቱ ሲገለበጥ +41.7 ኪሎጁል ይሆናል። ድምሩ +23.7። ሙቀቱ ደግፎት ነበር፤ የውሃው መታሰር ግን ከሙቀቱ በእጥፍ በልጦ ወደ ኋላ ጎተተው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሰንጠረዥ ላይ የካልስየም አዮን ኢንትሮፒ −53 ተብሎ ስታዪ አትደንግጪ። የአዮኖች ቁጥር የሚሰጠው የሃይድሮጅንን አዮን ዜሮ ብሎ በመነሳት ነው። ለብቻው ብዙ ትርጉም የለውም። የፖዘቲቩንና የኔጌቲቩን አዮን ደምረሽ የጠጣሩን ስትቀንሺ ግን ትክክለኛው ለውጥ ይወጣል፦ −53 + 20 − 107 = −140።

ፍሬሽ_ኬሚ

ላብ ሰው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃውን መቁጠር እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም ነበር። ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የማግኒዚየም ሰልፌት ኢንትሮፒ ከካልስየሙም የባሰ ነው ካልን፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ለምን እንደዚያ በቀላሉ ይሟሟል?

ጥቁር_ሰሌዳ

ተመለስኩ። ላብ ሰው ድካም ቀንሶልኛል፤ አመሰግናለሁ።

ማግኒዚየም ትንሽ ነው፣ ሰልፌት ትልቅ ነው። ትንሽና ትልቅ አዮን ክሪስታል ውስጥ ሲገናኙ ማግኒዚየሙ በትንሽነቱ ብዙ አያተርፍም፤ ሰልፌቱ ራሱ ትልቅ ስለሆነ መጠጋጋት አይችሉም። ውሃ ውስጥ ግን ማግኒዚየሙ ትንሽነቱን ሙሉ በሙሉ ይጠቀምበታል፤ ውሃው አጠገቡ ድረስ ይመጣለታል። ስለዚህ ኤንታልፒው −91 ኪሎጁል ይደርሳል። የኢንትሮፒው ጉዳት በ298 ኬልቪን 62.5 ነው። −91 + 62.5 = −28.5። ሙቀቱ ጉዳቱን ከፍሎ ተርፎታል።

በዚሁ ሐሳብ የሰልፌቶቹን ረድፍ ተመልከቺ። ማግኒዚየም በደንብ ይሟሟል፣ ካልስየም ጥቂት፣ ስትሮንሺየም ከዚያ ያነሰ፣ ባሪየም ምንም አይባልም። ባሪየም ሰልፌት ለአንጀት ራጅ ለሕመምተኛ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ባሪየም አዮን መርዝ ነው፤ ሰልፌቱ ግን ስለማይሟሟ ወደ ደም አይገባም።

ፋርማሲ_በር

መምህር፣ ስለ ማግኒዚየም ሰልፌት ካነሱ አይቀር። እኛ ጋ የሚመጣው ነጭ ክሪስታል ውሃ ውስጥ ሲገባ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም። 91 ኪሎጁል የሚያወጣ ነገር እንዴት ያቀዘቅዛል? ማግኒዚየም ሰልፌት በእርግዝና ምክንያት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ (ኤክላምፕሲያ) ዋና መድኃኒት ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ።

ላብ_ሰው

እርስዎ ያዩት ሰባት የውሃ ሞለኪውል ክሪስታሉ ውስጥ ይዞ የሚመጣውን ነው። ያ ማግኒዚየም ገና ድሮ በውሃ ተከቧል፤ የመከበቡን ሙቀት ክሪስታሉ ሲሠራ ጨርሶ አውጥቶታል። አሁን ሲሟሟ የሚቀረው መለያየቱ ብቻ ስለሆነ 16 ኪሎጁል ገደማ ይስባል። ውሃ አልባው ዱቄት ግን እጅ ላይ ያቃጥላል። ካልስየም ክሎራይድም እንደዚያው ነው፦ ውሃ አልባው 81 ኪሎጁል ያወጣል፣ ስድስት ውሃ የያዘው ሙቀት ይስባል። ስለዚህ ሰንጠረዥ ስታነቡ የትኛው ጠጣር እንደተጻፈ እዩ። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሚኒሶታ_ክረምት

እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ይህ ጉዳይ በር ላይ ነው። የእግረኛ መንገድ በረዶ ለማቅለጥ የወጥ ጨዉም ካልስየም ክሎራይዱም ይሸጣል። ካልስየም ክሎራይዱ ውድ ነው፣ ግን በጣም በከፋው ብርድ እሱ ብቻ ነው የሚሠራው። ላብ ሰው የጻፈው ሙቀት ማውጣቱ አንዱ ምክንያት ነው አይደል?

ላብ_ሰው

አንዱ ነው። ትልቁ ግን ከውሃ ጋር ተደባልቆ ሳይረጋ የሚቆይበት መጠነ ሙቀት ነው፦ የወጥ ጨው እስከ −21 ዲግሪ፣ ካልስየም ክሎራይድ ወደ −50 ዲግሪ።

የበርሃሌ_መንገድ

ሳይንሱን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ያየሁትን ልጻፍ። አፋር ውስጥ አሳሌ ሐይቅ ዙሪያ ጨው ሲቆረጥ አይቻለሁ። መሬቱ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሰዎቹ በእንጨት እየፈነቀሉ ጨዉን እንደ ጡብ ይጠርቡትና በግመል ወደ በርሃሌ ይወጣል። የድሮው አሞሌ ማለት ነው። የገረመኝ ግን አንድ ቦታ ነጩ የወጥ ጨው፣ ሌላ ቦታ ጀሶ፣ ዳሎል አካባቢ ደግሞ ፖታሽ (የፖታሲየም ጨው) መኖሩ ነው። ለምን አልተደባለቀም?

ላብ_ሰው

ወንድሜ፣ ይህ ከጥያቄው ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ጥንት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ የተነነበት ቦታ ነው። ውሃ ሲተን መጀመሪያ የሚወርደው ትንሽ የሚሟሟው ነው። ካልስየም ካርቦኔት ይቀድማል። የባሕር ውሃ ወደ አንድ አምስተኛው ሲወርድ ጀሶ ይጀምራል፤ ጀሶ ማለት ውሃ የያዘ ካልስየም ሰልፌት ነው። ወደ አንድ አስረኛው ሲወርድ የወጥ ጨው ይጀምራል። የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ውሃውን አይለቁም። ስለዚህ እያንዳንዱ በየተራው በየቦታው ተኛ። ፍሬሽ ያስጨነቃት ካልስየም ሰልፌት እዚያ ከጨዉ ቀድሞ ወርዶ ተኝቷል።

ውሃ_ጥራት

እኔ በስምጥ ሸለቆ የውሃ ጥራት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ክሩን በጉጉት ነው ያነበብኩት፤ ምክንያቱም እኛ ጋ ይህ ሂሳብ የሰው ጥርስና አጥንት ነው። ብዙ ጉድጓዶቻችን ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ለዓመታት የጠጣ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስ አጥንት ይደነድናል፣ ወገብ አልዘረጋ ይላል።

ካልስየም ፍሎራይድን በዚሁ ሂሳብ አስሉት። ሲሟሟ የሚስበው ሙቀት ትንሽ ነው፣ 12 ኪሎጁል ገደማ። ኢንትሮፒው ግን −150 ጁል በኬልቪን ነው። ካልስየምም ውሃ ይይዛል፣ ፍሎራይድም ትንሽ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ ፍሎራይዱ ደግሞ ሁለት ነው። 12 + 44.7 = 57 ኪሎጁል ገደማ። እንዳይሟሟ ያደረገው በአብዛኛው ኢንትሮፒው ነው። ሶዲየም ፍሎራይድን ስታዩት ግን አንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ገደማ ይይዛል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ካልስየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይዱን ካልስየም ፍሎራይድ አድርጎ ያወርደዋል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ካልስየሙ በካርቦኔት መልክ አስቀድሞ ወርዷል። ስለዚህ ፍሎራይዱን የሚይዝ ካልስየም የለም፤ ከሶዲየም ጋር እንደተሟሟ ይቀራል። አቢያታና ሻላ ሐይቆች ውስጥ ይህ ጫፍ ደርሷል።

ሰዎች «ታዲያ ኖራ ጨምራችሁ አታወርዱትም?» ይሉናል። ካልስየም ፍሎራይድ ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ብቻውን በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ፍሎራይድ ይተዋል። የመሟሟት ቋሚው፣ ማለትም በጠገበ ውሃ ውስጥ የካልስየሙ መጠን (ሞል በሊትር) በፍሎራይዱ መጠን ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚወጣው ቁጥር፣ 3.5 × 10⁻¹¹ ነው። ፍሎራይዱን ወደ 1.5 ለማውረድ ውሃው ውስጥ በሊትር 220 ሚሊግራም ገደማ ካልስየም እንዲቀር ያስፈልጋል። ያ ውሃ ለመጠጥ እጅግ ከባድ ውሃ ነው። በዚያ ላይ ባይካርቦኔቱ የምትጨምረውን ካልስየም እየነጠቀ ያወርደዋል። በኖራ ብቻ የማይቻለው ለዚህ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት ከኖራ ጋር የሚጨመርበት ዘዴና በተቃጠለ አጥንት ማጣራት አገራችን ውስጥ የተሞከሩት ከዚህ ተነስቶ ነው። አጥንቱ ላይ ፍሎራይዱ የሃይድሮክሳይዱን ቦታ ይይዛል።

ፍሬሽ እህቴ፣ ይህን ትምህርት አጥብቀሽ ያዢው። እዚህ ሥራ ላይ ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ፍሬሽ_ኬሚ

ውሃ ጥራት፣ ይህን ክፍል ውስጥ ቢነግሩን ኖሮ ማንም አይተኛም ነበር። ለልምምድ አንድ ሠርቻለሁ፣ እዩልኝ። ሲልቨር ክሎራይድ፦ ኤንታልፒ +65.5 ኪሎጁል፣ ኢንትሮፒ +33 ጁል በኬልቪን። 65.5 − 9.8 = 55.7። ስለዚህ እዚህ ኢንትሮፒው ሊረዳው ሞክሯል፣ ኢነርጂው ነው እምቢ ያለው። ከካልስየም ፍሎራይድ ጋር መጨረሻው ተቀራራቢ ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ። ልክ ነኝ?

ጥቁር_ሰሌዳ

ልክ ነሽ። ጁሉን ወደ ኪሎጁል መቀየርሽንም አይቻለሁ፤ ጎበዝ።

ሁለቱን ለመለየት አሙቂያቸው። ሙቀት የሚስብ ጨው ሲሞቅ የመሟሟት አቅሙ ይጨምራል፤ ብዙ በሳበ ቁጥር ጭማሪው ይበዛል። ፖታሲየም ናይትሬት 35 ኪሎጁል ይስባል። 100 ግራም ውሃ ውስጥ በ0 ዲግሪ 13 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 32 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 246 ግራም ይገባል። የወጥ ጨው የሚስበው 4 ብቻ ስለሆነ በ0 ዲግሪ 36፣ በ100 ዲግሪ 39 ግራም ነው። ሙቀት የሚያወጣው ደግሞ ሲሞቅ ይወርዳል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልስየም ካርቦኔት ነው። ዋናው ምክንያት ባይካርቦኔቱ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣቱ ነው፤ የካርቦኔቱ ሲሞቅ ይበልጥ አለመሟሟት ያግዘዋል።

ሎጂክ_ብቻ

ውሃውን አለመቁጠሬ ገብቶኛል፤ ላብ ሰው ተባረክ። መምህር፣ በዚህ ሕግ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 44.5 ኪሎጁል ስለሚያወጣ ሲሞቅ መቀነስ አለበት። ሰንጠረዥ ላይ ግን ሲሞቅ በጣም ይጨምራል። ይህስ?

ጥቁር_ሰሌዳ

ሎጂክ፣ ይህ ጥያቄ ለሁላችንም ይጠቅማል። 44.5 የሚለው ቁጥር ትንሽ ጨው በብዙ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። የመሟሟት አቅም የሚለካው ግን ውሃው ጠግቦ አልቀበልም ሲል ነው። 20 ዲግሪ ላይ 100 ግራም ውሃ ውስጥ 109 ግራም ገደማ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲገባ፣ ለአዲስ ለሚመጣው አዮን ነፃ ውሃ አልተረፈም። እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ቅንጣት ሲሟሟ ሙቀት ይስባል እንጂ አያወጣም። በዚያ ላይ ከጠገበው ውሃ ጋር አብሮ የሚቀመጠው ጠጣር ውሃ አልባው ሳይሆን አንድ ውሃ የያዘው ነው። ስለዚህ የመጠነ ሙቀትን ተጽዕኖ ስትገምቱ ውሃው ሊጠግብ ሲል ያለውን የኤንታልፒ ምልክት ውሰዱ። ለካልስየም ፍሎራይድና ለሲልቨር ክሎራይድ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የጠገበው ውሃቸውም ቀጭን ስለሆነ።